ዝናቡም ባለቤት አለው

ባለፈው እትም ስለ ቤት ኢንሹራንስ አውርተን ነበር የተለያየነው። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቻችን ልብ ሳንለው በየቢላችን ስለምንከፍለው፣ ቦታ ገዝተን ልንሠራ ስንነሣ ግን እንደ ዱብ ዕዳ ከፊታችን ስለሚቆም አንድ ጉዳይ እናወጋለን። ጉዳዩ ዝናብ ነው። አዎ፣ ያው ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ! (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።)

ነገሩን በአንድ ታሪክ ልጀምር። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወዳጄ የሕንፃ ኮሚቴ አባል በሆነበት ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ስለነበረ አብሬው ሄድኩ። ምእመናኑ ለብዙ ዓመታት አዳራሽ እየተከራዩ፣ እሑድ ጠዋት ወንበር እየደረደሩ ከሰዓት በኋላ እያነሡ ሲገለገሉ ኖረው፣ በመጨረሻ በሜሪላንድ አራት ኤከር የሚሆን ዛፍ የበዛበት ቦታ ገዝተዋል። ገንዘቡ እንዴት እንደተጠራቀመ መቼም ታውቁታላችሁ። ታክሲ ከሚነዳው ወንድም፣ የሆቴል ክፍል ከምታጸዳው እኅት፣ ሕፃን ከምትጠብቀው እናት ኪስ በሃያና በሃምሳ ዶላር የተለቀመ ነው። ዕቅዳቸውም አንድ ሰፊ ሕንፃ፣ የ150 መኪና ማቆሚያና ልጆች አማርኛ የሚማሩባቸው ክፍሎች መሥራት ነበር።

ፕላኑን የያዘው ኢንጂነር የራሳችን ልጅ ነው። ካርታውን ግድግዳው ላይ ለጠፈና ማስረዳት ጀመረ። ሕንፃው እዚህ፣ መግቢያው እዚህ፣ መኪና ማቆሚያው ደግሞ እዚህ…። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

“ልጄ፣ ይኼ ሰማያዊ የተቀባው ምንድን ነው?”

“የውሃ ቦታ ነው ጋሼ።”

“ቦታውን ስንገዛ ዞሬ አይቼዋለሁ፤ ውሃ የሚባል አልነበረበትም እኮ!”

“አሁንም የለበትም ጋሼ። እኛ ስንሠራበት ነው የሚመጣው።”

አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም። ኢንጂነሩ ቀጥሎ እንዳስረዳው፣ የዝናቡን ውሃ ለመያዝ ሲባል የመኪና ማቆሚያው ማነስ ነበረበት፤ ወጪው ደግሞ ከታሰበው በላይ ይጨምራል። ቦታው ሲገዛ ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አዛውንቱ ተነሥተው “ዝናቡን እኛ አላዘነብነው! የእግዚአብሔር ዝናብ ነው። ካውንቲው ምን አግብቶት ነው የሚያስከፍለን?” ሲሉ ቤቱ አጨበጨበላቸው። አንዲት እናት ብቻ ነገሩን በበጎ ተረጎሙት። “ምን አለበት ልጆቼ፣ ኩሬው ለጥምቀት ይሆነናል” አሉ። ኢንጂነሩም “እማማ፣ የዚያን ውሃ ነገር ባይነሣ ይሻላል፤ የመኪና ዘይት ያጠበ ውሃ ነው” ብሎ መለሰላቸው።

እንግዲህ የአዛውንቱ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጆሮዬ ሲደውል ሰነበተ። ካውንቲውን ምን አግብቶት ነው? ያገኘሁትን መልስ ላካፍላችሁ።

የአምስት መቶ በርሜል ሒሳብ

አንድ መኪና፣ መቆሚያውና መዞሪያው አንድ ላይ ሲታሰብ፣ 300 ካሬ ጫማ ያህል ቦታ ይወስዳል። 150 መኪና ማለት 45,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከአንድ ኤከር ትንሽ የሚበልጥ አስፋልት ነው። በአንድ ኤከር ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲወርድ ከ27,000 ጋሎን በላይ ውሃ ይሆናል። አገር ቤት ውሃ የምናጠራቅምበትን ባለ 200 ሊትር በርሜል አስቡት፤ ከ500 በርሜል በላይ መሆኑ ነው። ይህ እንግዲህ የአንድ ኢንች ብቻ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በዓመት 40 ኢንች ያህል ስለሚዘንብ፣ ያ የመኪና ማቆሚያ ብቻውን በዓመት ከ20,000 በርሜል በላይ ውሃ ያፈሳል ማለት ነው።

ያው ዝናብ በዛፍና በሣር ላይ ሲወርድ ሌላ ነው። ቅጠሉ ይቀበለዋል፣ ሥሩ ይጠጣዋል፣ አፈሩ ያሰርገዋል። ወንዝ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ እሱም ቀስ እያለ ነው። አስፋልትና ጣሪያ ግን ውሃ አይጠጡም። የወረደውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይለቁታል። ያ ጎርፍ ወይ የጎረቤት ቤዝመንት ይገባል፣ ወይ በመንገድ ዳር ባለው ቦይ በኩል ወደ ትንሿ ወንዝ ይወርድና ዳርና ዳሯን ይቦረቡራታል።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንዲሉ፣ የአሜሪካም ጎርፍ ባዶ እጁን አይሄድም። ከመኪና የተንጠባጠበ ዘይት፣ የፍሬን ብናኝ፣ ለሣር የተበተነ ማዳበሪያ፣ የውሻ ኩስ፣ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው፣ ከግንባታ ቦታ የተጠረገ አፈር፣ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። በእኛ አካባቢ የሚወርደው ወደ አናኮስቲያ ወይም ወደ ፖቶማክ ወንዝ ነው። የሁሉም መጨረሻ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። የዚህ ባሕረ ሰላጤ ተፋሰስ 64,000 ካሬ ማይል ያህል ሲሆን ስድስት ክፍላተ ሀገርንና ዋሽንግተን ዲሲን ይነካል። እናም አዛውንቱ እንዳሉት ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው። አስፋልቱ ግን የእኛ ነው። ሕጉም የሚጠይቀን ስለ ዝናቡ ሳይሆን ስለ አስፋልታችን ነው።

ተቆጣጣሪውም ተቆጣጣሪ አለው

ብዙዎቻችን ካውንቲው ገንዘብ ፍለጋ የፈጠረው ነገር ይመስለናል። ነገሩ ግን ከላይ የመጣ ነው። ኮንግረስ በ1972 የንጹሕ ውሃ ሕግ የሚባለውን ሲያወጣ ዓይኑን የጣለው በዋናነት በፋብሪካዎችና በከተማ ፍሳሽ ቧንቧዎች ላይ ነበር። የመንገዱና የመኪና ማቆሚያው ጎርፍ በሕጉ ውስጥ በግልጽ የገባው በ1987 በተደረገው ማሻሻያ ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1990 ባወጣው ደንብ፣ 100,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞችና ካውንቲዎች ከጎርፍ መውረጃ ቦዮቻቸው ለሚወጣው ውሃ ፈቃድ እንዲያወጡ፣ አምስት ኤከርና ከዚያ በላይ የሚቆፍር ግንባታም እንዲሁ ፈቃድ እንዲኖረው አዘዘ። በ1999 ደግሞ ደንቡ ወደ ትንንሾቹ ከተሞችና ወደ አንድ ኤከር ግንባታ ወረደ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ካውንቲው እኛን ፈቃድ ይጠይቀናል፤ እሱም ራሱ ከበላዩ ፈቃድ ይጠየቃል። የሜሪላንድ ካውንቲዎች ፈቃዳቸውን የሚያገኙት ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት ነው፤ ዲሲ ደግሞ በቀጥታ ከፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃዱ የግዴታ ዝርዝር አለበት። ከእነዚህ ግዴታዎች አንዱ አዳዲስ ግንባታዎችን መቆጣጠር ነው። በመስኮቱ ማዶ የተቀመጠችው የካውንቲ ሠራተኛ ፕላናችንን ስትመልስብን እሷም የሚጠይቃት አለቃ እንዳላት እንወቅ።

ግዴታው በአዲስ ግንባታ ብቻ አያበቃም። በ2010 መጨረሻ የፌዴራሉ መንግሥት ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የብክለት ጣሪያ ወሰነ። ሜሪላንድም ለትልልቆቹ ካውንቲዎች በሰጠችው ፈቃድ፣ ድሮ ያለ ምንም የውሃ መያዣ ከተነጠፈው አስፋልትና ጣሪያ ውስጥ 20 በመቶ ያህሉን በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲያስተካክሉ አስገደደች። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ ሰፈሮች፣ የገበያ ማዕከሎችና ትምህርት ቤቶች ሁሉ በዚህ ውስጥ አሉ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ካውንቲው ያሉት በሮች ጥቂት ናቸው፤ ወይ የቤት ግብር መጨመር፣ ወይ በአስፋልቱ ልክ ልዩ ክፍያ መጣል፣ ወይ ከሌላ አገልግሎት ቀንሶ ማዋል።

“የዝናብ ግብር”

ሜሪላንድ በ2012 ሁለተኛውን በር መረጠች። ዘጠኝ ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ ለዚሁ ሥራ የሚውል ክፍያ እንዲጥሉ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ተቃዋሚዎች ወዲያው “የዝናብ ግብር” የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ። የካውንቲዎቹም አቋም አንድ አልነበረም። ባልቲሞር ከተማና ሌሎችም እውነተኛ ክፍያ ሲጥሉ፣ ካሮል ካውንቲ ክፍያውን አልጥልም አለ። ፍሬድሪክ ካውንቲ ደግሞ ሕጉን ፈጸምኩ ለማለት ያህል በእያንዳንዱ ይዞታ ላይ በዓመት አንድ ሳንቲም ጣለ! አንድ ሳንቲም! በ2014 በተደረገው የገዥነት ምርጫ ይኸው የዝናብ ግብር ትልቅ መከራከሪያ ሆነ። አሸናፊው ላሪ ሆጋን በ2015 ግዴታውን የሚያነሣ ሕግ ፈረሙ።

ነገር ግን ልብ በሉ። የተነሣው ክፍያ የመጣል ግዴታ ነው እንጂ ውሃውን የማጽዳት ግዴታ አይደለም። ካውንቲዎቹ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡ ዕቅድ እያቀረቡ ሥራውን መቀጠል ነበረባቸው። ክፍያውን የተዉም በሌላ ኪስ ነው የሚከፍሉት። ዝናቡ ምርጫ ተደረገ ብሎ አልቆመም።

ዲሲን ብንመለከት ታሪኩ የባሰ ነው። ከከተማው አንድ ሦስተኛ በሚሆነው ክፍል የመጸዳጃው ፍሳሽና የዝናቡ ውሃ በአንድ ቧንቧ ነው የሚሄዱት። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቧንቧው ይሞላና ሁለቱ ተደባልቀው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። በ2012 ሰመር፣ የእኛ ምግብ ቤቶች ከሚገኙበት ከዩ ስትሪትና ከናይንዝ ስትሪት ብዙም በማይርቀው በብሉሚንግዴል ሰፈር ያ ውሃ በተደጋጋሚ ወደ ሰዎች ቤዝመንት ገብቶ ነበር። ከተማው በ2005 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት መሠረት ከመሬት በታች ግዙፍ ዋሻዎች ማስቆፈር ጀመረ። የአናኮስቲያው ዋሻ በ2018፣ እስከ ሰሜን ምሥራቅ ሰፈሮች የሚደርሰው ቅጥያው ደግሞ በ2023 ሥራ ጀመሩ።

ይህ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈጀ ሥራ የሚከፈለው በውሃ ቢላችን ላይ ነው። ከ2009 ጀምሮ በቢሉ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ውሃ በማያሰርግ ወለል ስፋት የሚታሰብ ክፍያ ነው። መለኪያው 1,000 ካሬ ጫማ ነው። በ2018 የአንዱ መለኪያ ዋጋ በወር 25 ዶላር ከ18 ሳንቲም ነበር። እስቲ ያንኑ የ150 መኪና ማቆሚያ ከሜሪላንድ አንሥተን ዲሲ ውስጥ እናስቀምጠው። 45 መለኪያ ነው፤ በወር ከ1,130 ዶላር በላይ፣ በዓመት ከ13,000 ዶላር በላይ ይመጣል። ሻወርም አይበራበት፣ ድስትም አይታጠብበት፤ አስፋልት በመሆኑ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኖችና የመቃብር ቦታዎች አቤት ቢሉ ታዲያ ምን ይገርማል? ከአቤቱታው በኋላ ከተማው ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ማቃለያ አቋቁሟል። ዋጋው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የወቅቱን ከቢላችሁ ላይ አንብቡት።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ዲሲ ውስጥ ከማንም በላይ ጣሪያና አስፋልት ካላቸው አንዱ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ይህን ሁሉ ሕግ ያወጣው እሱ ነው። ክፍያው ሲመጣ ግን አንዳንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች “ይህ ግብር ነው፤ እኛ ደግሞ ግብር አንከፍልም” ብለው እንቢ አሉ። በመጨረሻ ኮንግረስ ሕግ አውጥቶ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2011 መጀመሪያ ፈርመውበት ነው እንዲከፍሉ የተደረገው። እንግዲህ እንደ አዛውንቱ ያጉረመረመው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። አኮቲንክ በምትባለው ወንዝ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሚወርደውን ውሃ ብዛት ራሱን ሊገድብ ሲል፣ ፌርፋክስ ካውንቲና የክፍለ ሀገሩ የመንገድ መሥሪያ ቤት ከሰሱት። ዳኛው በጥር 2013 በሰጡት ፍርድ፣ መሥሪያ ቤቱ ደለሉን መቆጣጠር ይችላል፤ ውሃው ራሱ ግን በካይ ነገር ስላልሆነ የውሃውን ብዛት መወሰን አይችልም አሉ። ካውንቲዎቹ ከበላያቸው የሚመጣውን ሁሉ ዝም ብለው እንደማይቀበሉ ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

የሁለቱም ወገን እውነት

ቤት ሠሪዎች የሚሉትን መስማት ተገቢ ነው። በሜሪላንድ ከ5,000 ካሬ ጫማ ጀምሮ መሬት የሚነካ ሥራ የውሃ ዕቅድ ይጠየቃል። በ2007 የወጣው ሕግ ደግሞ ውሃውን በአንድ ትልቅ ኩሬ አጠራቅሞ መገላገል ሳይሆን፣ በተቻለ መጠን በወረደበት ቦታ በትንንሽ ማስረጊያዎች እንዲያዝ ያዛል። በዲሲ ከ2013 ጀምሮ 5,000 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ የሚነካ ግንባታ የመጀመሪያውን 1.2 ኢንች ዝናብ በቦታው መያዝ አለበት፤ የተወሰነውን በቦታው መያዝ ካቃተው ውሃውን ሌላ ቦታ ከያዘ ሰው ክሬዲት መግዛት ይችላል። ለዚህ ሁሉ ኢንጂነር ይከፈላል፣ መሬት ይቀነሳል፣ ጊዜ ይባክናል። ያ ወጪ ዞሮ ዞሮ በቤቱ ዋጋ ላይ ይወጣል፤ የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛው ወገናችንም ይከፍለዋል። ትልቁ ኩባንያ ጠበቃና ባለሙያ አለው። አነስተኛው ቤተ ክርስቲያንና ባለ አንድ ምግብ ቤቱ ነጋዴ ግን ሕጉን የሚያውቁት ከገቡበት በኋላ ነው።

የሌላውን ወገን እውነት ለማየት ደግሞ ኤሊኮት ሲቲን መጎብኘት ይበቃል። ሜሪላንድ ውስጥ በሸለቆ ላይ ያለች ጥንታዊት ከተማ ናት። በሐምሌ 30 ቀን 2016 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ6 ኢንች በላይ ዝናብ ወርዶባት ዋናው መንገዷ ወንዝ ሆነ፤ መኪናዎች እንደ ቆርኪ ተንሳፈፉ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ሱቆቹ ታድሰው ገና ሳይረጋጉ በግንቦት 27 ቀን 2018 ያው ጎርፍ ተመለሰ፤ አንድ ሰው ደግሞ ወሰደ። ነዋሪዎች ከላይ በኮረብታው የተሠሩትን ቤቶችና አስፋልቶች ከሰሱ። ቤት ሠሪዎች ደግሞ ያን ያህል ዝናብ ጫካም አያቆመውም አሉ። የካውንቲው ምክር ቤት በዚያው ዓመት በዚያ ተፋሰስ ውስጥ አዲስ ግንባታ ለጊዜው እንዲቆም ወሰነ። ስለዚህ ከላይ ያለው ሰው አስፋልት ከታች ላለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ክፋት አይደለም።

ነገሩ ሁሉ ወጪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ አንድ ቀላል ዘዴ ተሞከረ። በየቤቱ ደጃፍ ጎድጎድ ያለ የአትክልት ቦታ እየተሠራ የአሸንዳው ውሃ ወደዚያ እንዲገባ ተደረገ። ፈረንጆቹ ሬይን ጋርደን ይሉታል። ወጪው ከተለመደው ኩሬ ያነሰ ሆኖ ስለተገኘ ዘዴው ወደ ሌሎች ከተሞች ተዳርሷል። ይኸው ካውንቲ ቆየት ብሎም ለሃይማኖት ተቋማት የተለየ መንገድ ከፍቷል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በግቢው ላይ የውሃ ማስረጊያ እንዲሠራ ቢፈቅድና ምእመናኑን ቢያስተምር ክፍያው ይቀነስለታል።

ከመግዛት በፊት መጠየቅ

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከኢንጂነሩና ከሌሎች ባለሙያዎች የሰማሁትን ምክር በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ቦታ ስትገዙ ውሉ ውስጥ የጥናት ጊዜ አስገቡ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሲቪል ኢንጂነር ቦታውን አይቶ “ከዚህ ውስጥ ስንቱ ላይ መሥራት ይቻላል?” የሚለውን ይመልስላችሁ፤ ካልሆነ መያዣችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አራት ኤከር ገዛን ማለት አራት ኤከር ላይ እንሠራለን ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ደን የሆነ ቦታ ዋጋው ቢረክስ አትቸኩሉ። በሜሪላንድ ቀድሞ አስፋልትና ሕንፃ የበዛበትን ቦታ እንደገና ለሚሠራ ሰው ግዴታው ይቀልላል፤ በጥቅሉ ከነባሩ አስፋልት ግማሹን መቀነስ ወይም ውሃውን ማከም ነው። መሬት ሳትቆፍሩ የነባር ሕንፃ ውስጡን ብቻ ካደሳችሁ ደግሞ ጭራሽ ላይነካችሁ ይችላል። አሮጌ መጋዘን ገዝተው ያደሱ ቤተ ክርስቲያኖች ሳያውቁትም ቢሆን ብልህ ሥራ ሠርተዋል።

ሦስተኛ፣ የምትገዙት ቦታ ኩሬ ወይም ሌላ የውሃ መያዣ ካለው፣ የጥገና ውል በስሙ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ። ያ ግዴታ ከመሬቱ ጋር ወደ እናንተ ይተላለፋል። ሜሪላንድ ውስጥ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያየዋል። ደለሉን መጥረግና የበቀለውን ዛፍ መቁረጥ የእናንተ ዕዳ ነው።

አራተኛ፣ የምግብ ቤትና የሱቅ ባለቤቶች ሆይ፣ የኪራይ ውላችሁ “ትሪፕል ኔት” የሚባለው ዓይነት ከሆነ የባለንብረቱ ግብርና ክፍያ ወደ እናንተ ይመጣል። የመኪና ማቆሚያው የዝናብ ክፍያ በየትኛው መስመር እንደገባና ድርሻችሁ እንዴት እንደተሰላ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ ዘመድ ሲመጣ መኪና ማቆሚያ ጠበበን ብላችሁ ግቢውን ሁሉ ሲሚንቶ ከማልበሳችሁ በፊት ወደ ካውንቲው ደውሉ። በቨርጂኒያ በባሕረ ሰላጤው ጥበቃ ክልል ውስጥ ከ2,500 ካሬ ጫማ ጀምሮ መሬት መንካት ፈቃድ ይጠይቃል። በአንጻሩ የአሸንዳ ውሃ በበርሜል ለሚያጠራቅም ወይም ሬይን ጋርደን ለሚሠራ ሰው ገንዘብ የሚመልሱ ካውንቲዎች አሉ፤ ሞንትጎመሪ አንዱ ነው። አገር ቤት እናቶቻችን ከአሸንዳው ሥር በርሜል ሲያስቀምጡ ያለ ምንም ሕግ ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት።

የመጨረሻው ምክር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የካውንቲ ምክር ቤቶች ስለ እነዚህ ክፍያዎችና ደንቦች ሲወስኑ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ቀን አለ። ዲሲ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ማቃለያ የመጣው ጩኸት ስለተሰማ ነው። ቤት ሠሪዎቹ በዚያ ስብሰባ ይናገራሉ፤ ወንዝ ጠባቂዎቹም ይናገራሉ። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ወሬውን የምንሰማው በቢሉ ነው። ቡና ላይ የምናጉረመርመውን ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶን በማይክሮፎን ብንናገረው የሚሰማን አለ።

ወደ ኮሚቴው ልመለስና ልሰናበት። ክርክሩ በዚያ ቀን አላለቀም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ግን ፕላኑ ተከልሶ መጣ። መኪና ማቆሚያው ከ150 ወደ 100 ዝቅ አለ፤ ለቀረው እሑድ እሑድ ባዶ የሚሆን የጎረቤት ማቆሚያ በውል ተያዘ። ከኋላ ያሉት ትልልቅ ዛፎች እንዲቀሩ ተደረገ፤ ኩሬው አንሶ በየረድፉ መካከል ውሃ የሚያሰርጉ የአትክልት መደቦች ገቡ። እንዲያም ሆኖ ከታሰበው በላይ ወጪ መጥቷል። የአማርኛው ትምህርት ክፍሎች ወደ ሁለተኛው ዙር ተላልፈዋል፤ ያ የሚያሳዝን ነው። ቦታው ከመገዛቱ በፊት አንድ ኢንጂነር ቢጠየቅ ኖሮ ምናልባት ልጆቹ ዘንድሮ ፊደል በቆጠሩ ነበር።

አዛውንቱንስ አልጠየቃችሁኝም! የተከለሰው ፕላን ሲቀርብ በጸጥታ ካዩት በኋላ “እንግዲህ ዝናቡ የእግዚአብሔር፣ ውሃው የእኛ ሆነ ማለት ነው” አሉ። ከዚያም ለአትክልት መደቦቹ የሚያስፈልገውን ችግኝ እኔ እተክላለሁ ብለው ተመዘገቡ። በወጣትነታቸው አገር ቤት የእርሻ ሠራተኛ ነበሩ አሉ።

እስከሚቀጥለው እትም ደህና ሁኑልኝ።